በባዶው ፎቅ ያጨበጨቡት

እውነት ነው ብዬ አልምልላችሁም። መሐላ የሚያበዛ ሰው እኔም አላምንም።

ግን በዚያ ቀን አብረውኝ ከነበሩት ውስጥ ሁለቱ ዛሬም ወልድያ አሉ። ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ወሬ ይለውጡባችኋል።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ነው። እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ ነበር...

ይርጋ እባላለሁ። ሙዚቀኛ አይደለሁም። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ከተማችን ውስጥ ጥቂት ሰዎች የሚያዘጋጁት የክላሲካል ሙዚቃ ዝግጅት ነበር። ቫዮሊን፣ ክራር፣ ዋሽንት። እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፣ ከዚያ ሂስ እጽፋለሁ። ብዙ ሰው አይወደኝም።

ሰላማዊት ደግሞ ከሁሉም በላይ ጠልታኝ ነበር። ቫዮሊን ተጫዋች ናት። ባለፈው ዓመት "ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ሙዚቀኛ ግን ገና አልሆነችም" ብዬ ጽፌባታለሁ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስታየኝ ወደ ማዶ ትሻገራለች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማው በታጣቂዎች እጅ ገባ። መብራት የለም። ስልክ የለም። ተሰብስቦ መቆም ክልክል ነው።

በዚህ መሃል አንድ ጠዋት ሰላማዊት ራሷ በሬን አንኳኳች።

"እሑድ ዘጠኝ ሰዓት፣ አሮጌው ሲኒማ ቤት። ዝግጅቱ ዘንድሮም አይቀርም።"

"አብደሻል እንዴ? ቢሰሙንስ?"

"በቀስታ ነው የምጫወተው። ማንም አያጨበጭብም። የወደደ እጁን ያነሳል፣ በቃ።"

ልትሄድ ዞር ካለች በኋላ ተመለሰች።

"አንተ ካልሰማኸው ደግሞ ዝግጅት አይባልም።"

ሄድኩ።

የሲኒማ ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ሽፈራው በጓሮ በር አስገቡን። አሥራ አንድ ነበርን። አጠገቤ የተቀመጠው አብዱልጀሊል የሚባል የእህል ነጋዴ ነው። ከመርሳ በእግሩ ነው የመጣው።

"መንገዱ እንዴት ነው?" አልኩት በሹክሹክታ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደረስኩ።" ቀና ብሎ አላየኝም። "ዳርና ዳሩ ግን... አፈሩ ሁሉ አዲስ ነው፣ ይርጋ። ስንቱ እዚያው እንደተቀበረ አላህ ይወቀው።"

ከሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት፣ መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ታጣቂዎች መንገዱን በገመድ ዘግተዋል። ሲያወሩ ድምፃቸው ይሰማናል።

ከጭንቅላታችን በላይ ፎቅ አለ። ስልሳ ያህል የብረት ወንበሮች አሉበት፤ ሰው ሲነሳ በራሳቸው የሚታጠፉት ዓይነት። ወደዚያ ግን መውጣት አይቻልም። የእንጨት ደረጃው መስከረም ላይ ለማገዶ ተፈልጧል።

ሰላማዊት መጫወት ጀመረች። በአምባሰል ቅኝት፣ ዝግ ብላ...

ልንገራችሁ? ተሳስቼ ነበር። ሙዚቀኛ ናት።

ስትጨርስ ሁላችንም ዝም ብለን እጃችንን አነሳን።

ጧ።

ከላይ ነው።

ጧ... ጧ...

ከፎቁ ላይ አንድ ሰው ያጨበጭባል።

ሁላችንም ቀና አልን። ማንም አይታይም። ሰላማዊት ደንግጣ ቀስቷን መልሳ ክሩ ላይ አሳረፈችና ሁለተኛ ዜማ ጀመረች። ድምፁ ወዲያው ቆመ።

"ጋሽ ሽፈራው፣ ማን አለ ላይ?"

"ማን ይኖራል? ደረጃ የለ! በምን ይወጣል?"

ቀስ ብዬ ተነሳሁና መድረኩ ላይ ወጥቼ ወንበር ላይ ቆምኩ። በተሰበረው መስኮት የገባው ፀሐይ ፎቁን ከዳር እስከ ዳር አብርቶታል። ወንበሮቹን አየኋቸው።

ሁሉም ተዘርግተዋል።

ሰው ካልተቀመጠባቸው እንደዚያ አይሆኑም። ማንም አልተቀመጠባቸውም። በላያቸው ያለው አቧራ እንኳ አልተነካም...

"አዑዙ ቢላህ" አለ አብዱልጀሊል። እኔ ምንም ሳልነግረው ገብቶታል።

ሁለተኛው ዜማ አለቀ።

በዚህ ጊዜ አንድ ሰው አልነበረም። ብዙ ነበሩ። ጭብጨባው እንደ ድንገተኛ ዝናብ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ወረደ።

ውጭ አንድ ሻካራ ድምፅ "ማነው እዚያ?" ብሎ ጮኸ።

ሰላማዊት ሳትተነፍስ ሦስተኛውን ጀመረች። ጭብጨባው ተቆረጠ። የውጩም ሰው ትንሽ አዳምጦ ዝም አለ።

ያን ጊዜ ነገሩ ለሁላችንም ገባን። ስትጫወት በጸጥታ ይሰማሉ። ካቆመች ያጨበጭባሉ። ደግመው ካጨበጨቡ ደግሞ ታጣቂዎቹ ይገባሉ።

"ውጡ" አለች በከንፈሯ ብቻ።

ሰው አንድ በአንድ በጓሮ በር ሾልኮ ወጣ። አብዱልጀሊልም ወጣ። እኔና ጋሽ ሽፈራው ቀረን።

አንድ ሰዓት አለፈ። ከዚያም ሌላ ግማሽ ሰዓት። ያንኑ ዜማ እየደጋገመች ነው። ከግራ እጇ ጣት ደም በቫዮሊኗ አንገት ላይ ይወርዳል።

"እስከ መቼ ትችያለሽ?" አልኳት።

"አልችልም... ክንዴ ሊቆረጥ ነው።"

ተጠግቼ በጆሮዋ አልኳት፦

"አበላሺው።"

"ምን?"

"ክፉ አድርገሽ ተጫወቺ። መጥፎ ሙዚቃ የሰማ ሰው አያጨበጭብም፣ ተነስቶ ይሄዳል። እመኚኝ፣ ይሄን ነው ዕድሜ ልኬን የማውቀው።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። እንቢ የምትለኝ መሰለኝ።

"ይርጋ... እንዲህ አድርጎ የሰማኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።"

"አውቃለሁ።"

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ አበላሸችው።

ቅኝቱን ለቀቀች። ክሩ አንቋረረ፣ አቃሰተ። ሰላማዊት እያለቀሰች ነበር የምትጫወተው።

ከላይ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። የቁጣ አልነበረም። ለካስ አልቋል እንደሚል ሰው ዓይነት...

ቋ።

አንድ ወንበር ታጠፈ።

ቋ... ቋ... ከኋላው ረድፍ ጀምሮ፣ አንድ በአንድ፣ እስከ ፊተኛው። የመጨረሻው ሲታጠፍ ቀስቱ ከእጇ ወደቀ።

ጸጥታ።

ማንም አላጨበጨበም።

ከዚያ የፊት ለፊቱ ትልቅ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ብርሃን ገባ። ጋሽ ሽፈራው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና በሩን የቆለፉበትን ቁልፍ አሳዩኝ።

ሦስታችንም ግድግዳው ላይ ተለጥፈን ከበሩ አጠገብ ባለው መስኮት ስንጥቅ ወደ ውጭ አየን።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። መንገዱ ባዶ ነው። መሃል አስፋልቱ ላይ የተጋደሙት ውሾች አንድ በአንድ ተነስተው ወደ ዳር ወጡ። መንገድ የሚለቁ ይመስላሉ።

ገመዱ ጋ ያለው ታጣቂ ብድግ አለ። አለቀልን አልኩ። እሱ ግን ወደ እኛ አላየም። ባዶውን መንገድ ነው የሚያየው።

ኮፍያውን አወለቀ። ገመዱን ፈትቶ እስከ መሬት ዝቅ አደረገው። እንደያዘው፣ ራሱን በቀስታ እየነቀነቀ፣ እንደሚቆጥር ሰው ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ወደ መርሳ የሚወስደውን መንገድ ለቆ ቆመ። ረጅም ጊዜ።

አንዴ ብቻ ጎንበስ አለና፣ ገመዱን መሻገር ላቃተው ሕፃን እንደሚያደርጉት፣ እጁን ወደ ታች ዘረጋ።