የጃርቷ በር

መነጽር ሠሪዋ ለአንድ ቀን ከእንስሳት ተንከባካቢዎች ጋር ለመሥራት ገንዘብ መክፈሏን ስትናገር፣ ታላቅ ወንድሟ ሊጠጣ ያነሳውን ብርጭቆ መልሶ አስቀመጠ።

«ቆይ፣ ቆይ። እነሱ ናቸው ላንቺ የሚከፍሉት ወይስ አንቺ ነሽ ለነሱ?»

«እኔ ነኛ።»

«ፋንድያ ለመዛቅ?»

«እሱም ሳይኖር አይቀርም።»

«እማዬ፣ ይቺን ልጅ ሐኪም ይያት!»

እናትየው ግን አልሳቁም። ልጃቸው የሁለት ዓመት እጮኝነቷን አፍርሳ ቀለበቱን ከመለሰች ወዲህ ኑሮዋ ከቤት ወደ መነጽር ቤት፣ ከመነጽር ቤት ወደ ቤት ሆኗል። ይኼ ያማራት የመጀመሪያው ነገር ነበር።

«ተዋት» አሉ። «ደስ ካላት ዝሆን ትጠብ።»

ቅዳሜ ጠዋት በእንስሳት ማቆያው ሁለት ቁጥር የሚበልጣት ቦት ጫማ ሰጧት። የተመደበላት ተንከባካቢ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ወጣት ነው። ባልደረቦቹ «አባ ዝምታ» ይሉታል፤ ድምፁ ከሰው ይልቅ ከእንስሳ ጋር ሲያወራ ነው የሚሰማው።

«እዚህ በሮቹ ሁሉ ድርብ ናቸው» አላት ወደ መሬት እያየ። «አንዱን ሳይዘጉ ሌላውን አይክፈቱ። መቀርቀሪያው ሲወርድ ቋ ይላል። ቋ ካላለ አይመኑት።»

«ኧረ አንቺ በለኝ። በዚህ ጫማ ደግሞ አንቱ ልባል?»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ጫማውን አየ። ሳቁን ሊያፍን ሞክሮ አልሆነለትም።

ካሮትና ዱባ ከተፉ። እሷ ሥራዋ መስተዋት ሞርዶ ማስተካከል ነውና እያንዳንዷን ቁራጭ እኩል ታደርጋለች። እሱ አራት ባልዲ ሲሞላ እሷ ግማሽ ላይ ነበረች። ቢላዋውን አስቀምጦ አያት።

«ምን?» አለች።

«ለጦጣ ነው እኮ። ለኤግዚቢሽን አይደለም።»

ከእኩለ ቀን በኋላ ቀጭኔዋ ጆሮዋን ላሰቻት፤ ጮኸች፤ እሱም በመሐረብ ጆሮዋን ሊጠርግላት እጁን ዘረጋና ግማሽ መንገድ ላይ አፍሮ መሐረቡን አቀበላት። ሁለቱም ለትንሽ ጊዜ ቀጭኔዋን ሲያዩ ቆዩ። ቀጭኔዋ ግን ሌላ ነገር አላደረገችም።

የመጨረሻው ሥራ የጃርቷ ቤት ነበር። ከሌላ ማቆያ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለምትተኛና ለማንም ስለማትነሳ «እመቤት» የሚል ስም አውጥተውላታል። አባ ዝምታ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እመቤት፣ እንግዳ አለን፤ ዛሬ እንኳን አታሳፍሪኝ» አላት። እመቤት ጀርባዋን ሰጥታ እሾኋን አንኮሻኮሸች። መነጽር ሠሪዋ ጥግ ጥጉን ጠረገች፤ እሱ ድርቆሹን ለወጠ።

«ለምን መጣሽ?» አላት በድንገት።

ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው። ስለ ቀለበቱ። የሠርጉ አዳራሽ ከተያዘ በኋላ አንድ ጠዋት ተነስታ ሰውየውን እንደማትፈልገው ማወቋን። ዘመድ ሁሉ ማኮረፉን፤ እሷም ክፉ ሥራ የሠራች እየመሰላት መክረሟን።

እሱ አካፋውን ተደግፎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ዝም ትለኛለህ?»

«እኔ መልስ ቶሎ አይመጣልኝም» አለ ተጨንቆ። «ቤት ስገባ ነው የሚመጣልኝ።»

«እና መልሴን መቼ ልቀበል?»

«ማክሰኞ እረፍቴ ነው።» ጆሮው ቀላ። «መነጽር ቤቱ የት ነው?»

ሳቀች። እሱ የእጅ ጋሪውን እየገፋ ቀደመ፤ እሷ አቅጣጫውን እየነገረችው፣ እየሳቀች ከኋላው ሁለቱን በሮች ሳብ ሳብ አደረገቻቸው።

ማክሰኞ የሱቁ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና አለች። የመነጽራቸው እጀታ የተሰበረባቸው ሽማግሌ መጡ። ለልጇ መነጽር የምትፈልግ ሴት መጣች። አመሻሽ ላይ አንድ ሰው ገብቶ ሰዓት ጠየቃትና ወጣ። ረቡዕ፣ «ይሁና» አለች። ሐሙስ ወንድሟ «ቀጭኔዋ እንዴት ናት?» ቢላት ሰሃኗን ይዛ ተነሳች። ዓርብ ግን ንዴቱ ሐዘኑን በለጠባትና ሥራዋን ለባልደረባዋ ትታ ወጣች። አልመጣም ማለት ምን ይከብደዋል? ፊት ለፊት ትነግረዋለች፤ ከዚያ ይወጣላታል።

የማቆያው በር ላይ ትኬት የሚቆርጡት አዛውንት አወቋት።

«አባ ዝምታን ከሆነ የለም፣ ልጄ። ታግዷል።»

«ምን አድርጎ?»

«ጃርቷ ጠፋች እኮ! እሑድ ጠዋት ቢሄዱ የሁለቱም በር መቀርቀሪያ አልወረደም፣ ውስጥ ማንም የለ። ራሱ ነው ‹እኔ ረስቼ ነው› ብሎ ያመነ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ በር ያልረሳ ሰው! ሰኞ ይወሰንበታል፤ የሚያባርሩት ይመስለኛል።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማታ ማታ ተመልሳ ትገባለች ብለን ዱባ አስቀምጠን በሩን ከፍተን እናድራለን። ጠዋት ዱባውም የለ፣ ጃርቷም የለች። አይጥ ነው የምንቀልበው።»

መነጽር ሠሪዋ የትኬት መስኮቱን ጠርዝ ያዘች። ያን ቅዳሜ መጨረሻ የወጣችው እሷ ናት። ያን ቋ የሚል ድምፅ አእምሮዋ ውስጥ ፈለገችው። የራሷን ሳቅ እንጂ ሌላ ድምፅ አላገኘችም።

መንገዱ ማዶ አውቶቡስ ቆሞ ነበር። ማንም አያውቅም፤ ማንም አልጠየቃትም። አውቶቡሱ ሰው ጭኖ ሲሄድ አየችውና ወደ ውስጥ ገባች።

ኃላፊዋ ቁልፍ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አጭር፣ ቆፍጣና ሴት ናት።

«በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለቻት መነጽር ሠሪዋ። «ማለቴ፣ ያልዘጋሁት እኔ ነኝ። እሱ ምንም አላጠፋም።»

ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እህቴ፣ የቀን እንግዳ በር አይዘጋም። ደንብ ነው። ላንቺ ትቶት ከሄደ ጥፋቱ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ልታድኚው ከሆነ የመጣሽው፣ አባስሽበት።»

መነጽር ሠሪዋ ሳይጋብዟት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ኃላፊዋ ስልክ ደወለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጺሙን ያልተላጨ፣ ሸሚዙን አዛንፎ የቆለፈ አባ ዝምታ በሩ ላይ ቆመ። አያትና ደነገጠ።

«ለምን መጣሽ?»

«ለምን አልመጣህም?»

«ሥራዬን አጥቼ በምን ፊቴ ልምጣ? ደግሞም ስለ ጃርቷ ብትጠይቂኝ… እኔ መዋሸት አልችልበትም።»

«ለኃላፊዋ ግን ዋሸህ።»

«አልዋሸሁም። በሩ የኔ ነው። ያዘናጋሁሽም እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ የሳቅኩት!»

ኃላፊዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች። «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይኼ ንግግር ስለ ጃርት ነው?» ማስታወሻ ደብተሯን አነሳች። «በሉ ተነሱ። ማን የት እንደቆመ ቦታው ላይ አሳዩኝ። እንደነገራችሁኝ እጽፋለሁ።»

የጃርቷ ቤት ባዶ ነበር። ድርቆሹ እንዳለ አለ፤ የእንጨት መኝታ ሳጥኑም ግድግዳውን ተጠግቶ። ኃላፊዋ እየጠየቀች፣ አባ ዝምታ እየመለሰ ሳለ፣ መነጽር ሠሪዋ ዓይኗ ከሳጥኑ ጀርባ አረፈ። መስተዋት ላይ ያለች የፀጉር ያህል ጭረት ማየት የለመደ ዓይን ነው።

«እዚህ ጋ በእጄ ጠርጌያለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ይኼ አፈር አልነበረም።»

ጥቁር፣ እርጥብ አፈር ነው፤ ከድርቆሹ ሥር በእፍኝ በእፍኝ የተበተነ። አባ ዝምታ ሳጥኑን ፈቀቅ አደረገው። ከሥሩ የባልዲ አፍ የሚያህል ጉድጓድ ታየ። በደረቱ ተኛና ጆሮውን ደቀነ።

ኃላፊዋም ጎንበስ አለች።

ከመሬት ውስጥ ሸሸሸ የሚል የእሾህ ድምፅ መጣ።

«እመቤት?» አለ። «ባትሪ! ባትሪ ስጡኝ!»

ኃላፊዋ ባትሪውን አቀበለችው። ብርሃኑ ውስጥ ሁለት የተቆጡ ዓይኖች አበሩ። ከደረቷ ሥር ደግሞ ጭብጥ የማይሞሉ፣ እሾኻቸው ገና እንደ ብሩሽ የለሰለሰ ሁለት ግልገሎች ተወሽቀዋል።

አባ ዝምታ ከመሬት አልተነሳም። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። መነጽር ሠሪዋ ይሳቅ ያልቅስ መለየት አልቻለችም፤ አጠገቡ ተንበረከከችና እጇን ጀርባው ላይ አደረገች። በዚህ ጊዜ ያፈረ ሰው አልነበረም።

ኃላፊዋ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። «ስድስት ቀን! ስድስት ቀን ሙሉ ሰው አሰማርቼ ሰፈሩን አሳስሳለሁ፣ እሷ ለካ አራስ ናት! ከዚህ ንቅንቅም ሳትል! ዱባ በእግሯ ሥር እያስቀመጥን ስናርሳት ከርመናል!» ከሳቋ ጋር እንባዋን ጠረገች። «ተመስገን። በቃ፣ ተመስገን።»

ከዚያ ተነስታ ፊቷን ሰበሰበች። «መቀርቀሪያው ግን አልወረደም። አንተ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለህ፤ ነገ ሥራህ ላይ ትገኛለህ። አንቺ ደግሞ…» ትንሽ አሰበች። «አንቺን ሁለተኛ አስከፍዬ አላስገባም። መምጣትሽ ካልቀረ፣ በነጻ ነይ።»

ሲወጡ ፀሐዩ በርዶ ነበር። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ አብረው ሄዱ። ደረቷ ላይ ለወራት ተቀምጦ የነበረው ነገር አሁን ያለ አይመስላትም፤ አየሩ ዝም ብሎ ይገባል፣ ዝም ብሎ ይወጣል።

«መልሱ ያን ዕለት ማታውኑ መጥቶልኝ ነበር» አላት።

«ምን ነበር?»

«ቀለበቱን እንኳን መለስሽለት።» ወደ መሬት አላየም። ዓይኗን ነበር የሚያየው። «ክፉ ሥራ አልሠራሽም። እሱንም አንቺንም ነው ያዳንሽው። እኔን ደግሞ… እኔ ባለፈው ቅዳሜ ባላገኝሽ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም።»

«ሥራህን አታጣም ነበራ።»

«አዎ። ሥራዬን ይዤ እቤቴ ቁጭ እል ነበር።»

እጁን ዘረጋ። አሁን ግማሽ መንገድ ላይ አልቆመም። አውቶቡሱ መጣ፤ ሁለቱም አልተሳፈሩም። ሁለተኛውም መጣና ሄደ።

ሦስተኛው ሲታይ ስልኳን አወጣችና ቤት ደወለች።

«እማዬ፣ ለእራት አንድ ሰው ጨምሪ።»

ወንድሟ ከኋላ «ማነው? ማነው?» ሲል ይሰማል። እናትየው «አንተ ዝም በል» አሉት። ከዚያ ወደ ስልኩ ተጠግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ምን ይበላል?» አሏት።

ስልኩን በመዳፏ ሸፈነችና ወደ እሱ ዞረች። «ምን ትበላለህ?»

«ከእሑድ ጀምሮ እህል በአፌ በደንብ አልዞረም» አለ አባ ዝምታ።

«የተገኘውን ሁሉ ይበላል፣ እማዬ» አለች። «ብቻ በርከት ይበል።»