መጨረሻ የሌለውን መጽሐፍ ያነበብኩበት ቀን

እኔ እንዲህ ያለውን ወሬ እየሳቅኩ የምሰማ ሴት ነበርኩ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ። ወልቂጤ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይንስ አስተምሬያለሁ፣ ተማሪዎቼ ስለ መንፈስ ሲያወሩ ከሰማሁ ጠርቼ ስለ ድምፅ ሞገድ አስረዳቸዋለሁ፣ ሰፈራችን አንዱ ቤት ጣሪያው ላይ የሚራመድ ነገር አለ ሲባል ሁሉም ጸበል ሲያመጣ እኔ የአይጥ ወጥመድ ነው ያዋስኩት፣ አይጥም ተያዘበት። ባለቤቴ ተክሌ ከሞተ በኋላ እንኳ በሩ ተንኳኳ፣ ጥላው አለፈ ብዬ አላውቅም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፣ እኔም አላመንኩትም፣ ግን ሆኗል፣ አራት ሴቶች አንድ ላይ ነበርን፣ ደግሞም ጠራራ ቀን ነበር፣ ቢያንስ ሲጀምር ጠራራ ነበር።

ተክሌን የወሰደው ስትሮክ ነው። ግራ ጎኑን መታውና ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል አልወጣውም፣ ያ በቤቱ ውስጥ ከራዲዮ ይበልጥ የሚያወራ ሰው ድምፁ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ወደ መጨረሻው ግን አንድ ነገር ሊነግረኝ ይታገል ነበር፣ በደህናው እጁ ቀሚሴን ይይዝና ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ እኔ እገምታለሁ፣ ውሃ ነው? ልጆቹን ልጥራቸው? ስለ ቤቱ ነው? እናትህን ነው? ለሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ አይደለም ማለቱ ነው፣ አንድ ቀን ጠዋት መነቅነቁንም ተወው። ለሐዘኑ ሰው አልጎደለብኝም፣ ዕድሩ መጣ፣ ጎረቤት መጣ፣ ከአዲስ አበባ ዘመድ መጣ። ሳይነገረኝ የቀረውን ቃል ግን ማን መጥቶ ያጽናናኛል?

ልብ ወለድ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ አትሳቁብኝና የፍቅር ልብ ወለድ፣ ያውም ጠንቋይና የውሃ ውስጥ ንግሥት ያለበትን። መናኸሪያው አጠገብ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰውዬ አለ፣ አንድ ቀን ሽፋኗ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ አወጣና «እትዬ፣ ይቺን ይሞክሯት፣ አንገቷም እግሯም የለም፣ መጨረሻዋ ተቀዷል፣ ግን የወሰዳት ሰው ሁሉ ለመመለስ ይለግማል» አለኝ። ወስጄ እኔም ለገምኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጎልማሳነቷን የጨረሰች፣ ባሏ የሞተባት፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ላይ ሰው በታንኳ የምታሻግር ሴት አለች። ፊቱ ግማሽ የተቃጠለ፣ ጸጉሩ የሸበተ የጦር ሰው በየምሽቱ ይመጣል፣ ታሻግረዋለች፣ አይናገርም፣ ምክንያቱም የልጁን ነፍስ ለማትረፍ ድምፁን ለሐይቋ ንግሥት ሰጥቷል። ለምን እንደወደድኩት ብዙ አስቤበታለሁ። በወጣትነቴ የማነባቸው ፍቅረኞች ሁሉ ሃያ ዓመታቸው ነው፣ ጥርሳቸው ወተት ነው፣ ምንም አልሆኑም። እነዚህ ግን ተሰብረው የተጠገኑ ሰዎች ናቸው፣ እሱ ከታንኳዋ ሲወርድ ጉልበቱን ይዞ ነው፣ እሷ መብራቱን ሳታጠፋ ቀሚሷን ማውለቅ ታፍራለች፣ ሲተቃቀፉ እንኳ አንዱ የሌላውን የታመመ ጎን እንዳይነካ ይጠነቀቃል። እኔና ተክሌ እንደዚያ ነበርን። ደግሞ ሰውየው አንድ ቀን እንደሚናገር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ታውቃላችሁ፣ እኔን ያሰረኝ ይኼ ነው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ሰው ከተናገረ የእኔም ሰው የተናገረ ይመስለኝ ነበር።

መጽሐፉ ግን «አፉን ከፈተ» በሚለው ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች የሉም።

በታኅሣሥ አማቴን ልጠይቅ ወደ ጉራጌ ደጋ፣ ወደ አረቅጥ ወጣሁና መጽሐፉን ይዤው ሄድኩ። አማቴን አዶት እላቸዋለሁ፣ በእነሱ አነጋገር እናት ማለት ነው፣ ብርቱ አሮጊት ናቸው። እኔ ቡታጅራ ተወልጄ ባድግም አባቴ ከጎጃም የመጣ አስተማሪ ነበር፣ ጉራጊኛዬ ሰላምታን ብዙም አያልፍም፣ እሳቸውም አማርኛቸው የገበያ ነው፣ ተክሌ ነበር በመሃላችን የሚያስተረጉመው፣ እሱ ከሄደ ወዲህ የምንግባባው እጅ በመያያዝ ነው።

ወቅቱ እንሰት የሚፋቅበት ነበር። ሥራውን ላላየ ሰው፣ ሴቶቹ ጓሮ ውስጥ ሳንቃ አዘንብለው ያቆማሉ፣ የእንሰቱን ግንድ ሳንቃው ላይ ዘርግተው በአንድ እግራቸው ከላይ ይይዙታል፣ በቀርከሃ ወደ ታች ይፍቁታል፣ የተፋቀው ጉድጓድ ገብቶ ቆጮ ይሆናል። እግር ተነሥቶ ቀሚስ ተሰብስቦ የሚሠራ ስለሆነ ወንድ አይጠጋም፣ ነውር ነው፣ በዚያ በኩል ማለፍ የግድ የሆነበት ወንድ ከሩቅ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ለቀቅ ያደርጋሉ፣ እሱም ወደዚያ ዞሮ ያልፋል።

ከአዶት ጋር ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ፣ ምላሰኛዋ አስካለና ረጋ ያለችው ከድጃ። እኔ ቀርከሃውን ይዤ ሞከርኩ።

«መምህርት፣ እንሰቱን ነው የምትፍቂው የምታኪው?» አለች አስካለ።

«ተያት እባክሽ፣ እጇ የጠመኔ እጅ ነው» አለች ከድጃ። «ይልቅ ያን ማታ ማታ የምታነቢውን አንብቢልን፣ የድርሻሽን በአፍሽ ሥሪ።»

እንዲህ ሆኖ እኔ የደረቀ ኮባ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ፣ እነሱ ይፍቃሉ፣ ከድጃ በየመሃሉ ለአዶት በጉራጊኛ ታቀብላለች። እንዲህ የምትወደድ አንባቢ ሆኜ አላውቅም፣ እመኑኝ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ሴትየዋ ስንት ዓመቷ ነው አልሽ?»

«ሃምሳ ሊሞላት ነው።»

«ሃምሳ!» አስካለ ቀርከሃዋን አወረደችው። «ወገቧን አያማትም እንዴ? በዚያ በማታ ታንኳ ላይ!»

«ያማታል ተብሎ ተጽፏል እኮ፣ ምነው ጆሮሽ?» አለች ከድጃ። «እሱም ጉልበቱን ያመዋል።»

«ሁለቱም በሽተኛ ከሆኑማ ሐኪም ቤት ይሻገሩ እንጂ ፍቅር ምን ያደርግላቸዋል!»

ሳቅን፣ አዶት እንኳ ሲተረጎምላቸው ሳቁ፣ ከዚያ ግን አስካለ ራሷ «በይ ቀጥይ፣ ምን ትጠብቂያለሽ» አለችኝ፣ ድምፅዋም ቀለል ያለ አልነበረም፣ የእሷም ሰው ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል።

ከምሳ በኋላ ይመስለኛል ጉሙ የመጣው። በክረምት ቢሆን ማንም አይገረምም፣ በታኅሣሥ ግን አይጠበቅም፣ ከታች ከሸለቆው ተነሥቶ መጀመሪያ መንገዱን፣ ቀጥሎ አጥሩን፣ ከዚያ ከእኛ ራቅ ያሉትን እንሰቶች ዋጠ። እኔ ማንበቤን አልተውኩም፣ መጨረሻው እየቀረበ ነበር፣ እንደሚቋረጥም አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ «መጨረሻው ተቀዷል፣ ኋላ እንዳትጣሉኝ» ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።

ያኔ ከእንሰቱ ውስጥ አንድ ወንድ ጉሮሮውን ጠረገ።

ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ለቀቁ። እስኪያልፍ ጠበቅን፣ የሚያልፍ የለም። ነፋስ አልነበረም፣ ከአንድ እንሰት ላይ የተንጠለጠለው ደረቅ ቅጠል ግን ሰው ትከሻውን እንዳስነካው ይንኮሻኮሻል።

«ማነህ? እለፍ እንጂ! ሴቶች ሥራ ላይ ነን!» ብላ ጮኸች አስካለ። «ባለጌ! ምን ልታይ ነው? ያረጀ ቅልጥም ነው ያለው እዚህ!»

ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠረገ፣ አሁን ቀረብ ብሎ፣ ሊናገር እንደሚዘጋጅ ሰው።

«አዑዙ ቢላህ» አለች ከድጃ ቀስ ብላ።

አዶት ብቻ ቀሚሳቸውን አላወረዱም። እግራቸው ሳንቃው ላይ እንዳለ ወደ ጉሙ ተመለከቱ፣ ከዚያ ለከድጃ አንድ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

ከድጃ ዓይኔን ሸሸችው። «ተዉት፣ ይስማ ነው የሚሉት። አንብቢ አሉ።»

ተናደድኩ መሰለኝ፣ ፈራሁም መሰለኝ፣ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። የሰፈር ጎረምሳ ነው ብዬ አሰብኩ፣ ላም ፍለጋ የወጣ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ፣ ጉም ድምፅን እንደሚያቀርብ ለተማሪዎቼ ያስተማርኩትን ለራሴ አስተማርኩ፣ አነበብኩም። ሰውየው ከታንኳዋ ወረደ፣ ጉልበቱን ያዘ፣ ወደ ሴትየዋ ዞረ። አፉን ከፈተ።

እዚህ ላይ ነው ግራ የሚገባኝ። ቀጥሎ የማስታውሰው ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ዓይኔ ላይ መሆኗን ነው፣ ጉሮሮዬ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያስተማርኩ ያህል ደርቋል፣ መጽሐፉ ጭኔ ላይ ነው። አስካለ በእንሰት በራሰ እጇ ፊቷን ይዛ ታለቅሳለች። ከድጃ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ይኸው እንግዲህ» አልኩ፣ «እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው፣ የቀረው የለም ብያችኋለሁ።»

አስካለ ቀና አለች። «ምኑ ነው የሌለው? አሁን አንብበሽው?»

«ምን አነበብኩ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ትቀልጃለሽ? ሰውየው ሲናገር ነዋ! ‹በሩን አትዝጊው፣ ዘገየሁ እንጂ አልቀረሁም› ሲላት!»

«እንዲያ አላለም» አለች ከድጃ። «ስሟን ነው የጠራው። ስሟን ብቻ፣ ደጋግሞ። ወላሂ ሌላ ቃል አልወጣውም።»

«ጆሮሽን ታጠቢ! በሩን ነው ያለው!»

«አስካለ፣ አጠገብሽ ሆኜ?»

ይጨቃጨቃሉ፣ እኔ የመጨረሻውን ገጽ አገላብጣለሁ፣ «አፉን ከፈተ»፣ ከዚያ የተቀደደ ጠርዝ፣ ከዚያ ምንም። ወደ አዶት ዞርኩ። እሳቸው እያለቀሱ አይደለም፣ ፊታቸው ፈታ ብሎ ነበር፣ ከቀብሩ ወዲህ እንዲያ ሆነው አላየኋቸውም።

«እሳቸውስ ምን ሰሙ? ጠይቂልኝ» አልኳት ከድጃን።

ከድጃ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ቆም አለች። «እኔ እኮ… ያንን አልተረጎምኩላቸውም» አለች። «ረስቼው። እያዳመጥኩ።»

አዶት ግን ሰምተዋል። በራሳቸው በዚያ በተሰበረ አማርኛ፣ «በኛ ቋንቋ ነው የተናገረ» አሉኝ። ተንበርክኬ ያን ጭማቂ የነካውን እጃቸውን ያዝኩ፣ ምን አለ አዶት፣ ይንገሩኝ፣ እኔ ነኝ አስታምሜ የቀበርኩት፣ እኔ ነኝ ከንፈሩን ሳይ የከረምኩት አልኳቸው፣ ምን ያህሉ እንደገባቸው አላውቅም። ራሴን ዳበሱኝና፣ «ለእናት ያለው ነው። ያንቺን አንቺ ስሚ» አሉ። ከዚያ ቀርከሃቸውን አንሥተው መፋቅ ቀጠሉ።

ቅጠሉ ወደተንኮሻኮሸበት ሄጄ አይቻለሁ። ሣሩ ተኝቷል፣ ሰው የተቀመጠበት ይመስላል፣ ውሻም የተኛበት ይመስላል።

በጥር እኅቴን ልጠይቅ ቡታጅራ ሄድኩና ገበያው ዳር ከተዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት መካከል የዚያኑ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ሽፋኑም መጨረሻውም ሳይጎድል አገኘሁ። እዚያው ቆሜ አነበብኩ። ሰውየው አፉን ይከፍታል፣ ሴትየዋም መዳፏን ከንፈሩ ላይ ታደርጋለች፣ «ግዴለም፣ ዐውቄዋለሁ» ትለዋለች፣ ታንኳዋን ያስራሉ፣ ያበቃል። አይናገርም። በሩ የለም፣ ስሟ የለም፣ ምንም የለም። ደራሲው ጥሩ አድርጎ ጨርሶታል፣ ለሌላ አንባቢ። እኔ ግን አላወቅሁትም፣ እንዴት ብዬ እጄን ከንፈሩ ላይ ላድርግ?

ትናንት ለከድጃ ደወልኩላት። ሌላ ነገር እንደማወራ ሆኜ፣ ቆጮው እንዴት ሆነ፣ ልጆቹስ፣ ምናምን ስል ቆየሁና፣ «ያን ቀን ግን ከድጃ፣ መጨረሻውን ሳነብ የቱን ገጽ ነበር የያዝኩት?» አልኳት።

«መጽሐፉንማ ዘግተሽው ነበር» አለች እንደዋዛ፣ እኔ የማውቀውን ነገር እንደምትነግረኝ። «ጭንሽ ላይ አድርገሽው፣ ወደ እንሰቱ እያየሽ ነበር። በቃልሽ የያዝሽው መስሎኝ።»

«ታዲያ በማን ድምፅ ነበር የሰማሽው?»

«ምን ማለትሽ ነው? ባንቺ ነዋ።»

ስልኩ ውስጥ የራሷን ዶሮዎች እሰማለሁ።

«ባንቺ መሰለኝ» አለች። «እስቲ አስካለንም ጠይቂያት።»

የአስካለ ስልክ ቁጥር አለኝ። አልደወልኩም።