የትንሿ ኤሊ ሆድ

በነሐሴ መጨረሻ አንድ ጠዋት፣ ጡረተኛው የባዮሎጂ መምህር ኪሪል ዛሃሪየቭ ከጓሮው ወደ ምድር ቤቱ በሚወስደው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ ወድቆ፣ ሞቶ ተገኘ። የመንደሩ ፖሊስ «ሽማግሌ ነው፣ አዳልጦት ነው» ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ሲል ኢንስፔክተር ሩሚያና ቤልቸቫ ከከተማ ደረሰች።

ቤልቸቫ አንድ ቦታ መቆም አይሆንላትም። ሬሳውን አየች፤ ወደ ጓሮው ወጣች፤ ተመልሳ ወረደች። ደረጃው ደረቅ ነው። የሟቹ እጅጌ ግን ከትከሻው ላይ ተቀዷል። ብቻውን የወደቀ ሰው እጅጌውን ማን ይጎትትበታል?

በጓሮው የሟቹ ኤሊዎች የአጥራቸውን ሳንቃ ያለማቋረጥ ይቧጥጣሉ። በመፈልፈያው ሳጥን ውስጥ አራት የተሰበሩ እንቁላሎች አሉ፤ ጫጩቶቹ ግን ሦስት ናቸው።

«እነዚህ መቼ ተፈለፈሉ?» ስትል ጎረቤቲቱን ጌናን ጠየቀች።

«ዛሬ ጠዋት ነዋ! ትናንት ማታ ጠርቶ አሳይቶኛል፤ ገና ስንጥቅ ብቻ ነበሩ። ‹ጌና፣ ነገ አያት ልሆን ነው› አለኝ፣ ሞኝ ሽማግሌ።» እንባዋን በሽርጧ ጠረገች።

«ትጣሉ ነበር አሉ፣ እማማ።»

«ኤሊዎቹ ሰላጣዬን ሲጨርሱብኝ ምን ላድርግ፣ ልሳማቸው? ቀን እንሰዳደባለን፣ ማታ የራኪያ አረቄ እንጠጣለን። ይልቅ መካኒኩን አሰንን ጠይቂው። ለታመመች ልጁ የኤሊ ደም ስጠኝ እያለ በሩ ላይ ሲለምነው ነበር። ኪሪል ‹ደም ማንንም አያድንም› ብሎ መለሰው።»

የእንስሳት ሐኪሙ ሉበንም ከሟቹ ጋር ተጣልቶ ነበር። አልደበቀም።

«አዎ፣ ‹ከዚህ አውጣቸው› ብዬ ጮኼበታለሁ። ከጣሊያን ደሴት ከሰርዲኒያ ያመጣቸው ናቸው። የኛ ኮረብታ ኤሊና እነሱ ዝርያቸው አንድ ነው፤ ንዑስ ዝርያቸው ግን ይለያያል። አምልጠው እንዳይዳቀሉ ሰግቼ ነው።»

«በምን ይለያሉ?»

ሐኪሙ አንዷን ጫጩት ገለበጣት። «ሆዷን ይመልከቱ። ሁለት ጥቁር መስመር፣ ሳይቋረጥ ከላይ እስከ ታች። የኛዎቹ ጥቁሩ የተቆራረጠ ነው። ከዓይኗ ሥር ደግሞ ቢጫ ነጥብ አለ። አፏ ላይ ያለችው ነጭ ሹል እንቁላሉን የሰበረችበት ናት፤ በጥቂት ቀን ትወድቃለች።»

«እንዲህ ያለ ኤሊ ሌላ ማን ዘንድ አለ?»

«በዚህ አገር? ማንም ዘንድ የለም።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ላም ሳዋልድ። ባለቤቱን ይጠይቁ።» ጠየቀች፤ እውነቱን ነው።

አሰን ቤት ስትገባ ልጁ ኔዳ ፀጉር አልባ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ ተኝታለች። አጠገቧ ያለው የጫማ ካርቶን ይንኮሻኮሻል።

«የኔ ናት!» አለች ልጅቷ። «አባዬ ነው ያመጣልኝ።»

«በግንቦት ነው፣ ከኮረብታው» አለ አሰን ፈጠን ብሎ። «የሽማግሌውን ግቢ ከሆነ ካባረረኝ ወዲህ አልረገጥኩም።»

ቤልቸቫ ኤሊዋን አንስታ ገለበጠቻት። መልሳ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠቻት።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሟቹ ጓሮ ሰበሰበቻቸው። ነፋሱ በሩን ያላጋዋል፤ እሷም ከአጥር እስከ ደረጃ ትመላለሳለች።

«ከሳጥኑ አንዲት ጫጩት ጎድላለች። ትናንት ማታ እንቁላል ውስጥ ነበረች፤ እማማ ጌና አይታለች። ስለዚህ የወሰዳት ሰው ዛሬ ጠዋት እዚህ ነበር። አሰን፣ የኔዳ ኤሊ ከግንቦት ጀምሮ ቤትህ ከኖረች አፏ ላይ ያለችው ሹል እስከ ዛሬ ምን ትሠራለች? ከኮረብታው ከሆነችስ፣ ሆዷ ላይ ሁለት ሙሉ መስመር ማን አሰመረላት? ከዓይኗ ሥርም ቢጫው አለ። የዚህ ግቢ ልጅ ናት።»

አሰን ደረጃው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ዶክተሮቹ ተስፋ ቆረጡ። ሰዉ ደም ያድናታል አለኝ» አለ። «ትልቋን አንስቼ ልሮጥ ስል እጄን ያዘኝ። እጅጌውን ጎትቼ ገፋሁት። በሌላ እጁ ጫጩቷን ይዞ ነበር፤ ሊያሳየኝ። ደረጃው ላይ ወድቃ ብቻዋን ስትሄድ አየኋት... እንዳትረገጥ አነሳኋት።»

«ለእሷ ጎንበስ ብለሃል» አለች ቤልቸቫ። «እሱ ወዲያው አልሞተም፣ አሰን። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ነግሮኛል። ብትጮህ እማማ ጌና ትሰማህ ነበር።»

ጌና አፏን በእጇ ያዘች። ሉበን ፊቱን አዞረ።

«ለኔዳ ማን ይነግራታል?» አለ አሰን።

ቤልቸቫ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯ ቆመ።

«አንተ ትነግራታለህ። እኔ በሩ ጋ እጠብቅሃለሁ።»