እድፍ ያልነካት ቦታ

ሬሳው ይሸታል። ሽታው ግን የሞት አልነበረም፤ የሰውዬው ነፍስ ከወጣች ገና ብዙም አልቆየችም። የሚሸተው የከረመ ላብ፣ ሳይቀየር የሰነበተ የውስጥ ልብስ፣ እግሩ ላይ መግል ቋጥሮ የፈነዳ ቁስል ነው። መርማሪዋ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ እንደያዘች የክሊኒኩ አልጋ ላይ ጎንበስ አለች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ እንኳን ውሸት አቧራ አያልፋትም ለማለት ነው። ወንፊትን ደም አያስደነግጣትም። ቆሻሻን ግን ነፍሷ ትጸየፋለች፤ በተለይ አቅም በሌለው ሰው ላይ የተተወ ቆሻሻ።

«ሰው የለውም እንዴ ይሄ ሽማግሌ?»

«ሞልቶት!» አለ የክሊኒኩ ባለቤት፣ ክራባቱን እያስተካከለ። «ወንድ ልጅ አለው፣ ሴት ልጅ አለችው፣ ምራት አለችው። ማዶ ያለው ላውንደሪ የእነሱ ነው።»

«ላውንደሪ?»

«አዎ፣ የሰው ልብስ ያጥባሉ።»

ወንፊት የሽማግሌውን ግራ እጅ አነሳች።

ሽማግሌው ስትሮክ ከመታው ወዲህ አንደበቱ ተዘግቷል። ስለዚህ ሴት ልጁ ኪውአር ኮድ ያለበት የጨርቅ አምባር ግራ እጁ ላይ አሰረችለት። ድንገት ቢወድቅ፣ ያገኘው ሰው በስልኩ ስካን አድርጎ ማንነቱንና ሕመሙን እንዲያነብ ነው። ጽሑፉ እዚያው ኮዱ ውስጥ ስላለ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ያነበበው ስልክም አያስቀረውም። ወንፊት ስልኳን አስጠጋች። ስሙ፣ የደም ዓይነቱ፣ ስኳር እንዳለበት ተራ በተራ ወጣ። ከሥሩ «ፔኒሲሊን ይገድለዋል። እንዳይሰጠው!» ይላል።

«ነርሷ ደግሞ የወጋችው ፔኒሲሊን ነው» አለ ባለቤቱ። «ሳታነብ የምትወጋ ሰው አስቀምጬ ኖሯል። ፖሊስ ጠርቼ ያስያዝኳትም እኔው ነኝ። ክሊኒኩ በዚህ ነገር የለበትም።»

ወንፊት አምባሩን እያየች ነበር። ጨርቁ ድሮ ነጭ ነበር። አሁን ሾርባና ለሃጭ ደርቆበት ቆዳ መስሏል። ኮዱ የታተመባት አራት ማዕዘን ብቻ ዛሬ ከፋብሪካ የወጣች ትመስላለች። ጠርዟን ስትነካት ጓንቷን ያዝ አደረጋት። አሸተተቻት። ቤንዚን ትሸታለች።

ነርሷ ጣቢያው ውስጥ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ተቀምጣለች። ወተት ፈስሶ ደረቷን አርሶታል። የሚጠባ ልጇን እናቷ ጋ ትታ ነው የመጣችው። ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ከተፈረደባት ልጇ አፉን የሚፈታው እሷ በሌለችበት ነው።

«ስካን አድርገሽ ነበር?» አለቻት ወንፊት።

«ልጄን ይንሳኝ፣ አድርጌያለሁ! ‹የመድኃኒት አለርጂ የለበትም› ነው የሚለው።»

«ሌላስ?»

«ስኳር እንዳለበት። ደሙ ኦ ፖዘቲቭ እንደሆነ።»

«መድኃኒቱ ይስማማው እንደሆነ ቆዳው ላይ ለምን አልሞከርሽም?»

ነርሷ አንገቷን ደፋች። «ባለቤቱ ከልክለውናል። ‹መለያ ላለው በሽተኛ ሙከራ ጊዜ ማባከን ነው› ይሉናል።»

«ሽማግሌው መርፌውን ሲያይ ምን አደረገ?»

«በደህናው እጁ ገፋኝ። ምራቱ አጥብቃ ያዘችልኝ። ‹መርፌ ስለሚፈራ ነው፣ ውጊው› አለችኝ።»

«ከሞተ በኋላስ እነማን አጠገቡ ነበሩ?»

«ሦስቱም። ልጆቹ ከሱቁ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ሮጠው መጡ። ምራቱም በሽርጧ ነበረች። ላዩ ላይ ወድቀው ሲያለቅሱ እኔ ተጠርቼ ወጣሁ።»

ወንፊት ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ላውንደሪው ሄደች። ሱቁ በሐዘኑ ምክንያት ቢዘጋም በሩ ገርበብ ብሏል። ከበሩ ጀርባ ሦስት ሽርጦች ተሰቅለዋል፤ ሰማያዊው የወንድ ልጁ፣ አረንጓዴው የእህቱ፣ ቀዩ የምራት። ከክሊኒኩ ተመልሰው ካወለቋቸው ወዲህ የነካቸው የለም። ከእድፍ ብዛት ያለ ሰው የሚቆሙ ይመስላሉ። ከላይ ደግሞ የደንበኛ ልብስ ኪውአር ኮድ ያለበት መለያ ተለጥፎበት፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ተደርድሯል። ጥግ ላይ የሽማግሌው ወንበር አለ። ትራሱ ገና በሽንት እንደራሰ ነው።

የሽማግሌው ሴት ልጅ ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ለአንድ ደንበኛ ኮቱን እያስረከበች ነበር። ከኮቱ ላይ ባለ ኮዱን መለያ በቤንዚን ነካ አድርጋ ላጠችና የቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ለጠፈችው።

«እዚያ ምን ያደርግልሻል?» አለች ወንፊት።

«ውይ፣ እጄ ለምዶ ነው! መሬት ከጣልነው ሌላ ልብስ ላይ ይጣበቃል። ሁላችንም እየላጥን ሽርጣችን ጠርዝ ውስጥ እንለጥፍና ሱቅ ስንዘጋ እንፍቀዋለን። ዛሬ የምለጥፍበት ሽርጥ የለኝም።»

«አባትሽ መርፌ ይፈሩ ነበር?»

«አባዬ? ኧረ ወዲያ! የስኳሩን መርፌ ስንት ዓመት ራሱን በራሱ ሲወጋ የኖረ ሰው!»

ምራትን ለብቻ ጠየቀቻት። «መርፌ ይፈራል ብለሻል አሉ።»

«እንደዚያ ሲባል ሰምቼ ነው» አለች ምራት። ከማን እንደሰማች ስትጠየቅ ጣቷን መቆልመም ጀመረች።

ወንድ ልጁ ግን አፉ አልተያዘም። «እኔ ሕክምና ምናምን ውስጥ አልገባም። ልብስ እቀበላለሁ፣ መለያ አትሜ እለጥፋለሁ፣ በቃ! አምባሩንም በእጄ ነክቼው አላውቅ።»

«ሽታውን እንዴት ቻላችሁት?»

«እንዴት ይቻላል! ደንበኛ እኮ በር ላይ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚመለስ...» ንግግሩን ዋጥ አደረገ። «አባት ነው፤ ምን ይደረጋል።»

በማግስቱ ጠዋት ወንፊት ሁሉንም ላውንደሪው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች ነርሷን መሃል አድርገው ቆመዋል። የክሊኒኩ ባለቤት ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ወንፊት ወንበር ሲቀርብላት አየት አደረገችውና መቆም መረጠች።

«ነርሷ መለያውን አንብባለች» ብላ ጀመረች። «ስኳሩንም የደም ዓይነቱንም ነግራኛለች። እነዚህን አንብቦ፣ በቃለ አጋኖ የተጻፈውን የመጨረሻ መስመር የሚስት ሰው የለም። ስለዚህ ያነበበችው ሌላ ኮድ ነው።»

«ሌላ ኮድ ከየት ይመጣል?» አለ ባለቤቱ።

«ከዚህ መለያ ማተሚያ ማሽን። አንድ ሰው ከአምባሩ ኮድ ላይ ቃል በቃል የተገለበጠ፣ አለርጂውን ብቻ የካደ መለያ አትሞ ከእውነተኛው በላይ ለጠፈ። ሽማግሌው ሲሞት ልጦ እውነተኛውን ገለጠ፤ ማጣበቂያውን ሽርጣችሁ ኪስ ውስጥ በማይጠፋው የቤንዚን ጨርቅ ጠረገ። ሲጠርግ እድፉም አብሮ ለቀቀ። አባታችሁን አንድ ቀን እንኳ አጥባችሁት ቢሆን ኖሮ ያችን ንጹሕ ቦታ ከሌላው መለየት አልችልም ነበር። መንገዱን ያሳየኝ የእናንተው ቆሻሻ ነው።»

የሽማግሌው ሴት ልጅ ፊቷ ነደደ። «አምባሩን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ነው ይሄ ሁሉ?»

«አይደለም። ገዳዩ ሽማግሌው መርፌውን ሲያይ እንደሚያስቸግር ቀድሞ አውቆ ሰበብ አዘጋጅቷል። አንቺ ግን ሰበቡን ገና ስጠይቅሽ አፈረስሽው።» ወደ ምራት ዞረች። «መርፌ ይፈራል ብሎ የነገረሽ ማን ነው? ዝም ካልሽ ይቺ ነርስ ዛሬ እስር ቤት ትገባለች።»

ምራት ነርሷን አየች፤ የረጠበ ደረቷንም አየች። «ባሌ ነው» አለች። «ከሱቁ ወደ ክሊኒኩ ልንወጣ ስንል ‹ቁስሉ ስለመገለ መውጋታቸው አይቀርም፤ መርፌ ይፈራል፣ ካስቸገረ አጥብቀሽ ያዢው› አለኝ። እኔም ያዝኩት። በዚህ በእጄ!» እጇን ቀሚሷ ላይ ትፈትግ ጀመር።

«ትዋሻለች!» ብሎ ጮኸ ባሏ። «ማስረጃ የታለ?»

«የአባትህ ሬሳ ላይ ተደፍተህ ስታለቅስ መለያውን ላጥክ» አለች ወንፊት። «ኪስህ ልትከተው አስበህ ይሆናል። ጮክ ብለህ እያለቀስክ ማሰብ ግን ይከብዳል፤ እጅህ በየቀኑ የሚያደርገውን አደረገ። ከዚያ ሱቁ በሐዘን ስለተዘጋ የዚያን ዕለት መለያ የፋቀ የለም።»

ሰማያዊውን ሽርጥ በሁለት ጣቷ፣ እንደ ሞተ አይጥ ከሚስማሩ አነሳችው። ጠርዙን ስትገለብጥ ውስጡ በመለያ ተዥጎርጉሯል። አንዱን ስካን አደረገች፤ ሱሪ። ሌላው፤ የሙሽራ ቀሚስ። ሦስተኛው ላይ የሽማግሌው ስም ወጣ። ስልኩን ለነርሷ ሰጠቻትና እንድታነበው ነገረቻት።

«‹የመድኃኒት አለርጂ የለበትም›» አለች ነርሷ። «ይሄ ነው። ያነበብኩት ይሄ ነው።»

ወንድ ልጁ ወደ በሩ አየ፤ ፖሊሱ ቆሟል። ከዚያ በኋላ መደበቁን ተወው። «ይሸት ነበራ! ቀን ከሌት ይሸታል! እኛ የምንሸጠው ንጽሕና ነው፤ እሱ እዚያ ጥግ ተቀምጦ ይሸታል። ምን ላድርግ ነው የምትሉኝ?»

«ማጠብ!» አለች ወንፊት። «ሥራህ አይደለም እንዴ?»

ካቴናው ሲገባለት እህቱ ወደ ወንፊት ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዛሬ የሚወሰድ የደንበኛ ልብስ አለ... ሱቁን መክፈት እንችላለን?» ወንፊት ጥላት ወጣች። ወንጀል የለባትም፤ ለማለት የሚቻለው ይህን ብቻ ነው።

ደጅ ላይ ፖሊሱ ለነርሷ ነፃ መሆኗን ነገራት። የክሊኒኩ ባለቤት ፈገግ እያለ መጣ።

«እኔ ድሮም አልተጠራጠርኩሽም፤ ትንሽ ደንግጬ ነው። ነገ በጠዋት ሥራሽ ላይ እንገናኝ። በሽተኛው ብዙ ነው።»

«አንተም ስለ ከለከልከው ሙከራ ቃል ትሰጣለህ፤ አትራቅ» አለችው ወንፊት ከኋላው።

ነርሷ ባለቤቱን ቆማ አየችው። ከዚያ ወተት ያራሰውን ጋዋኗን አውልቃ ክንዱ ላይ ጣለችለት።

«እንካ፣ አሳጥበው!» አለችው፣ እስከዚያች ቀን አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው፤ ልጇ ወዳለበትም ሮጠች።