ማር የነካው አውራ ጣት

«ይቅርታ፣ ስብሰባው ተጀምሯል!» አልኩት።

ጀሞ ያለችው ትንሿ ቢሯችን በር ላይ ፌስታል ይዞ ቆሞ ነበር። ጫማው አቧራ ለብሷል።

«ሌሊት ተነስቼ ነው የመጣሁት እኮ... ልመለስ?» አለና ሳቀ።

እኔ ደግሞ ሳቁ የሚያምር ወንድ ፊት ሞኝ ነኝ። አስገባሁት።

ድርጅታችን ገጠር ውሃ ያስቆፍራል፤ የተጣሉ መንደሮችንም ያስታርቃል። እሱ የታች መንደር ተወካይ ሆኖ ነው የመጣው። ስሙን መዝገቡ ላይ ሲጽፍ ግን አነበብኩት። በፍቃዱ መኩሪያ። የደምሴ ወንድም!

ደምሴን የገደለው ወንድሜ ጌቱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ላይ መንደርና ታች መንደር በግጦሽ መሬት የተታኮሱ ቀን። ጌቱ ዛሬም እስር ቤት ነው። እኔ አክስቴ ጋር ነፋስ ስልክ ባድግም የላይ መንደር ልጅ ነኝ።

አልነገርኩትም። ለስብሰባ በመጣ ቁጥር ጁስ ቤት ወስጄ ስፕሪስ እጋብዘዋለሁ። አቮካዶውን ለብቻው በማንኪያ ለቅሞ ሲጨርስ እስቅበታለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ተዋደድን።

አንድ ቀን የዕርቁ ሽማግሌዎች የላኩት ዝርዝር ቢሮ ደረሰ። እኔ ሳላየው እሱ አነበበው።

«የገዳይ ቤተሰብ... ጸሐይወርቅ ይላል። አንቺ ነሽ?»

«በፌ፣ ልነግርህ ነበር...»

ወጥቶ ሄደ። ሁለት ወር ሙሉ ስልኩን አላነሳም። ጠላኝ ብዬ አልቅሼ አልቅሼ ስጨርስ፣ አንድ ቀን ቢሮ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከስቷል።

«የጠፋሁት ጠልቼሽ አይደለም። እናቴ ለዕርቅ እንድትቀመጥ ስለምናት ነው» አለኝ። «ደሙ ሳይደርቅ እኔና አንቺ አንጋባም። መጀመሪያ እንታረቅ። በማግስቱ አባትሽ ጋ ሽማግሌ እልካለሁ። እስከዚያ ለማንም አንናገር፤ ለእናቴም ጭምር።»

በአገራችን ዕርቅ ካሳውን የምትመርጠው ልጇ የሞተባት እናት ናት። የጠየቀችው ከተከለከለች ዕርቁ ፈረሰ። አባቴ ስምንት ከብት አዘጋጀ።

እኔ ከዕርቁ ሦስት ቀን ቀድሜ ወደ አገር ቤት ወረድኩ። የበፍቃዱን እናት፣ የእማማ አማከለችን ስም ስሰማ እንኳ እፈራ ነበር። ግን ምራታቸው ልሆን አይደል? ደጃቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። መጀመሪያ ፊታቸውን አዞሩብኝ። አልሄድኩም። ውሃ ቀዳሁላቸው፣ እግራቸውን አጠብኩ፣ ስለ ደምሴ ሲያወሩ አብሬያቸው አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ጸጉሬን ዳሰሱኝ። እንዴት ደስ አለኝ! አወይ ሞኝነቴ።

የዕርቁ ዕለት ሁለቱ መንደሮች አዲሱ ጉድጓድ ዙሪያ ተቀመጡ። ጠመንጃው ሁሉ ከሩቅ ዛፍ ሥር ተከምሯል። ሽማግሌው ተነሱ።

«አማከለች፣ ካሳሽን ተናገሪ።»

«ከብት አልፈልግም» አሉ እማማ። «ከብት እናቴ አይለኝም። ልጅ ወሰዳችሁብኝ፣ ልጅ ስጡኝ። ይቺን ጸሐይወርቅን ስጡኝ። የጡት ልጄ ትሁን።»

እልልታው ቀለጠ። የጡት ልጅ ደግሞ በእኛ ዘንድ ከሥጋ ልጅ አይለይም። የእሳቸው ልጅ ከሆንኩ የበፍቃዱ እህት ነኝ።

በፍቃዱ ከተቀመጠበት ተነሳ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እማዬ፣ እሷን እኮ...»

ያን ዛፍ አየሁት። ጠመንጃዎቹን አየኋቸው። ከጎኔ እናቴ ተቀምጣለች፤ ከጌቱ ሌላ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት።

«እሺ፣ እናቴ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ እሱ ሳይጨርስ።

እማማ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው እንደ ጡት አጠቡኝ። ማሩ ከእንባዬ ጋር ወረደ። ሰው ሁሉ የደስታ መሰለው።

በፍቃዱ አውቶቡሱ ጋ ሲሸኘኝ አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረው።

«ለምን?»

«አንተ ብትጨርሰው ኖሮ ስንት እናት ታለቅስ ነበር?»

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። የሁለቱም መንደር ልጃገረዶች ከአንድ ጉድጓድ ይቀዳሉ። ጥይት አልተተኮሰም።

ባለፈው ወር እማማ ለዓይን ሕክምና መጥተው ጀሞ ኮንዶሚኒየም እኔ ጋ አረፉ። አራተኛ ፎቅ ድረስ ደግፌ አወጣኋቸው።

«ልጄ» አሉኝ ዓይናቸው እንደታሸገ። «ወንድምሽ አላገባም ብሎ አስቸገረኝ። አንቺን ይሰማል። እስቲ ምከሪልኝ።»

ደወልኩ።

«በፌ...» አልኩት፤ ምላሴ ለምዶ። «ወንድሜ... እናታችን አግባ ትልሃለች።»



«አንቺስ?»

«እኔም... አግባ።»

«እሺ፣ እህቴ» አለኝ። እህቴ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

እማማ ደስታቸው ወሰን አጣ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ።

«ተባረኪ ልጄ! ለአንቺም እንደ ወንድምሽ ያለ ባል ይስጥሽ!»

«አሜን፣ እናቴ» አልኩ።