ከኋላ የምትመጣዋ መምህር

«ላሊ፣ ቪዲዮውን ጀመርሽ?» አለ ኦዳ።

ላሊሴ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ዓይኗ ግን ወንዙ ላይ ነው። ቅድም ኦዳና ሚንሃ በድንጋይ በድንጋይ እየዘለሉ ሲገቡ ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ጠጠር ሁሉ ይታይ ነበር። አሁን ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ቅጠልና የተሰባበረ ጭራሮ ይዞ ይወርዳል።

«ኦዳ፣ ውሃው ደፈረሰ። ውጡ!»

ኦዳ ወንዙ መሃል ካለው ቋጥኝ ላይ ፏፏቴውን ከጀርባው አድርጎ እጆቹን ዘርግቷል። ሚንሃ አጠገቡ ቆማ ትስቃለች። «አንቺ ደግሞ!» አለ ኦዳ። «ሰማዩን አታዪም? ፀሐይ እኮ ነው! ሙዳችንን አታበላሺው!»

እውነቱን ነው፤ ከበላያቸው ሰማዩ ጠርቷል። በስተደቡብ ግን፣ እንጦጦ ላይ፣ ጥቁር ደመና ተራራውን ውጦታል። ወንዙ ደግሞ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከላሊሴ ጎን ዳር ላይ የተቀመጠችው ሩቲ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። እሷም አይታለች።

አራቱም ሱሉልታ አንድ ክፍል ነው የሚማሩት፤ ዘጠነኛ። ፈተና ሳይደርስ አንድ ቀን ፏፏቴ እንሂድ ያለው ኦዳ ነው። የሦስቱ ቤት አላስቸገረም። የሚንሃ አባት ጋሽ ሀሰኖ ግን ያለ ትልቅ ሰው አይሞከርም አሉ። ስለዚህ ከሁሉም የእጅ ጽሑፏ የሚያምረው ላሊሴ አንድ ደብዳቤ ጻፈች። «የተፈጥሮ ክበብ አባላት ጉብኝት፣ በመምህርት የወይንሐረግ ኃላፊነት» ይላል። የመምህርታቸውንም ፊርማ እሷው አስመስላ ፈረመች። ጋሽ ሀሰኖ ሱቃቸው ውስጥ ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «መምህሯ ካለች ጥሩ ነው» ብለው ለሁሉም የሚበቃ ብስኩት በፌስታል አሰሩላቸው።

ድምፁ ከውሃው ቀድሞ መጣ። ከፏፏቴው በላይ የሆነ ከባድ መኪና አቀበት የሚወጣ ይመስል ነበር። ከዚያ ፏፏቴው በአንድ ጊዜ ወፈረ፣ ጠቆረ። መሻገሪያ የነበሩት ድንጋዮች ተራ በተራ ጠፉ።

ሚንሃ አንድ እግሯን ወደ ውሃው ሰደደች።

«እንዳትወርጂ!» ላሊሴ ጮኸች። «ሚንሃ፣ እዚያው ሁኚ!»

ከዳገቱ ላይ ሣር ሲያጭዱ የነበሩ አንድ ሴትዮ ማጭዳቸውን እንደያዙ እየሮጡ ወረዱ። «ኢጆሌ! ልጆች! ማንም እግሩን እንዳያስገባ! ደራሽ ጎርፍ ነው!» አሉ። ከዚያ ወደ ዳገቱ ዞረው በኦሮምኛ ጮኹ፤ ነገሳን ነው የሚጠሩት፤ ገመድ ይዞ እንዲደርስ። ከላይ የወንድ ድምፅ መለሰላቸው።

«አዴ ደጊቱ በሉኝ፣ አይዟችሁ» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ለመሆኑ ከማን ጋር መጣችሁ? ልጆች ብቻችሁን?»

«ከመምህራችን ጋር ነን» አለች ላሊሴ። «ከኋላ እየመጣች ነው።»

ሳታስበው ነው ያመለጣት። አንዴ የጻፈችው ነገር ስለሆነ አፏ ለምዶታል።

ኦቦ ነገሳ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ደረሱ። ጭነት የሚያስሩበትን ረጅም ገመድ ትከሻቸው ላይ ጠቅልለውታል። ውሃው የቋጥኙን አናት አልፎ የሚንሃንና የኦዳን ቁርጭምጭሚት መላስ ጀምሯል። የመጀመሪያው ውርወራ አልደረሰም። ሁለተኛውን ጎርፉ ወሰደው። ኦቦ ነገሳ ጫፉ ላይ ዱላ አሰሩና እንደገና ወረወሩ። ኦዳ በደረቱ ተኝቶ ያዘው።

ቅድም ሲፎክር የነበረው ልጅ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነበር። ግን ገመዱን ወገቡ ላይ አላሰረውም። ሚንሃን አሰራት። «ሂጂ» ሲላት ድምፁ አልተሰማም፤ ከንፈሩን ብቻ አዩት።

ሚንሃ ወርዳ ሁለት እርምጃ እንኳ ሳትሄድ ጭንቅላቷ ጠፋ። «ሳቡ!» አሉ ኦቦ ነገሳ። ላሊሴና ሩቲም ገመዱን ያዙ። መዳፋቸው ተላጠ፣ አለቀቁም። ሚንሃ እያሳለች ዳር ወጣች፤ ጫማዋ የለም፣ ቦርሳዋም የለም። ገመዱ እንደገና ተወረወረና ኦዳ ቀጠለ። ጉልበቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ደም በደም ሆኖ ነው የወጣው። ሣሩ ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ማንም አልሳቀበትም።

ኦቦ ነገሳ ፊታቸውን በእጃቸው ጠረጉና ልጆቹን አንድ በአንድ አዩ።

«መምህሯስ?» አሉ አዴ ደጊቱ። «ከኋላ እየመጣች ነው ብላኛለች ይቺ ልጅ።»

የኦቦ ነገሳ ፊት ጠቆረ። መንገዱ ወንዙን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ታች ላይ አንድ ቦታ ውሃው ውስጥ ይገባል። «እዚያ ጋ ጎርፉ አግኝቷት እንዳይሆን!» ብለው እየሮጡ ወረዱ። ቀድሟቸው የደረሰው ጎረምሳ ከታች ጮኸ፤ «ቀይ ነገር ቁጥቋጦው ላይ ተይዟል! ልብስ ይመስላል!»

የሚንሃ ቦርሳ ቀይ ነበር። አራቱም ያውቃሉ።

ኦቦ ነገሳ ገመዱን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ጎረምሳው ሌላውን ጫፍ ዛፍ ላይ ጠመጠመ። ወደ ቀዩ ነገር ሲገቡ ውሃው ጉልበታቸው፣ ከዚያ ጭናቸው ደረሰ።

ሩቲ የላሊሴን ክንድ ጨበጠች። «ቀድማን ሄደች በያቸው። ባጃጅ ይዛ ተመለሰች በይ። ያኔ ይወጣሉ።»

«አባቴ ይገለኛል፣ ላሊ» አለች ሚንሃ እየተንቀጠቀጠች። «በናትሽ፣ እንደዛ በይ።»

ቀላል ነበር። ሰውየው ይወጣሉ፣ ደብዳቤውም እንደተደበቀ ይቀራል። ልጆቹን ጥላ ሄደች የምትባል መምህር ብቻ ትኖራለች፤ ዛሬ ጠዋት ቤቷ ሆና ስለ እነሱ ምንም የማታውቅ ሴት።

ላሊሴ ክንዷን አስለቀቀች። ዳገቱን እየተንሸራተተች ወረደች።

«ኦቦ ነገሳ፣ ይውጡ! መምህር የለችም!»

የጎርፉ ድምፅ ዋጠው። ሰውየው አንድ እርምጃ ጨመሩ። ውሃው ወገባቸው ላይ ተሰንጥቆ አረፋ ሠራ።

እንደገና መናገር ነበረባት። ጭቃው ጠርዝ ላይ ቆመችና ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። «የለችም! ዋሽቼ ነው! ብቻችንን ነው የመጣነው!»

ኦቦ ነገሳ ዞሩ። ከዚያ ገመዱን ይዘው ቀስ እያሉ ወጡ።

አልተቆጡም። ዳር ላይ ተቀምጠው የገመዱን ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ፤ በውሃ ስለጠበቀ እንቢ አላቸው። ጎረምሳው ፈታላቸው። «አምስት ልጆች አሉኝ» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። ላሊሴ ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ወደ ላይ ስትመለስ አዴ ደጊቱ ነጠላቸውን አውልቀው ሚንሃን አልብሰዋታል። ሩቲ ፊቷን አዞረችባት። ኦዳ ጉልበቱን ይዞ መሬት መሬት ያያል።

«አዴ፣ ኔትወርክ የት ይገኛል?» አለች ላሊሴ።

ሴትዮዋ በማጭዳቸው ወደ ኮረብታው አናት አመለከቱ።

«አባቴን ምን ልትዪው ነው?» ሚንሃ ከነጠላው ውስጥ ጠየቀች።

«በሕይወት እንዳለሽ። ከዚያ ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው።»

ሚንሃ ነጠላውን ፊቷ ላይ ሳበች። ላሊሴ ብቻዋን ኮረብታውን መውጣት ጀመረች። አናቱ ሲቃረብ ስልኳ አንድ የኔትወርክ መስመር አሳየ፣ ጠፋ፣ ተመልሶ መጣ። ቆመች። የተላጠ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና «ጋሽ ሀሰኖ» የሚለውን ስም ፈልጋ ነካችው።

ጠራ።