ሁለት ድርጅት በአንድ አዳራሽ

ሁለት የአውቶቡስ ድርጅቶች ሊዋሃዱ ወስነው የውህደቱን ድግስ እንድታዘጋጅ የጠሯት ቀን፣ ታናሽየዋ ለታላቅ እህቷ እንዲህ አለቻት፦ «እቴቴ፣ ይህን ካሳመርነው ከእንግዲህ ሥራ ፈልገን አንዞርም፤ ሥራው ራሱ ነው እኛን የሚፈልገን።»

እህትማማቾቹ ትንሽ የዝግጅት ድርጅት ነበራቸው። እቴቴ ምግቡንና አበባውን ትይዛለች፣ ታናሿ የቀረውን ሁሉ። አዳራሽ ስትገባ ከመድረኩ በፊት መውጫ በሮቹን ታያለች። ድምፅ ማጉያው ሲጮኽ ሌላው ጆሮውን ይይዛል፣ እሷ የተበላሸውን ገመድ ትይዛለች። ሠራተኞቿ «ቆፍጣናዋ» ይሏታል። ስሙን አልጠላችውም።

የአቀማመጡን ንድፍ ለሁለቱም ድርጅቶች በላከች ማግስት፣ ጠረጴዛ እያስደረደረች ሳለ አንድ ረጅም ሰው ወደ አዳራሹ ገባ። ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል፤ ፊቱ ግን ተጨማድዷል።

«ይህን የሠሩት እርስዎ ነዎት?» አላት ንድፉን ዘርግቶ።

«እኔ ነኝ። ምን ጎደለው?»

«የኛ ሰዎች ናቸው የጎደሉት። ትልቁ ድርጅት ፊት ለፊት፣ እኛ ከምሰሶው ኋላ! ሾፌሮቻችን የተጠሩት ለድግስ ነው ወይስ ለቀብራቸው?»

የትንሹ ድርጅት የሥልጠና ክፍል ኃላፊ ነበር። እዚያ መሪ የጨበጠ ሾፌር ሁሉ መጀመሪያ በእሱ እጅ ያለፈ ነው።

ቆፍጣናዋ ዓይኑን ትክ ብላ አየችው። «አቀማመጡን ያዘዘኝ የትልቁ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። የተሻለ ካለዎት ያምጡና አብረን እናሳምናቸው። ቆመው ከተቆጡብኝ ግን ወንበሮቹ እዚያው ናቸው።»

ሰውየው ንድፉን እንደገና አየው። ከዚያ ሳያስበው ፈገግ አለ።

«እስክሪብቶ ይኖርዎታል?»

ባዶ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ንድፉን እንደ አዲስ ሠሩት። ሾፌር ከሾፌር፣ መካኒክ ከመካኒክ፣ ትኬት ቆራጭ ከትኬት ቆራጭ፤ ማንም በድርጅቱ ስም እንዳይቀመጥ። «ሁለት ሾፌሮች ስለ ፍሬን ማውራት ከጀመሩ የማን እንደሆኑ ይረሱታል» አላት። ሐሳቡ ደስ አላት። ሲናገር እጆቹ መሪ እንደያዘ ሰው መንቀሳቀሳቸው ደግሞ ይበልጥ ደስ አላት።

ዋናው መሥሪያ ቤት ተስማማ። ሰውየው ግን መምጣቱን አልተወም። አንድ ቀን የመብራቱን ነገር ሊያይ፣ አንድ ቀን ስለ መኪና ማቆሚያው ሊጠይቅ፣ አንድ ቀን ምንም ምክንያት ሳያመጣ።

«ጠበቃው መጣልሽ» ትላለች እቴቴ አበባዋን እየቆረጠች። «ዛሬ ደግሞ የማንን መብት ሊያስከብር ይሆን?»

ድምፅ ማጉያው በተሞከረበት ቀን መድረክ ላይ አቆመችውና እሷ ከአዳራሹ ጫፍ ሆና አዳመጠች።

«ይሰማል?»

«ይሰማል!»

ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። ከዚያ ድምፁ አዳራሹን ሞላው። «አንቺ ልበልሽ?»

ገመድ የሚጎትቱት ሠራተኞች ባሉበት ቆሙ። እቴቴ ከኩሽና በር ብቅ ብላ፣ «የኔ ወንድም፣ ማይኩ ክፍት ነው እኮ!» አለችው። ሁሉም ሳቀ። ቆፍጣናዋ ፊቷ እንደጋለ ተሰማት፤ ወደ ኋላ ግን አላለችም።

«በለኝ!» ብላ ጮኸች።

ድግሱ ሲቃረብ የተዋሃደውን ድርጅት የሚመሩት ዋና ሥራ አስኪያጅ ወደ ቢሯቸው አስጠሯት። ሽበታም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ የምነግርሽ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ። ቃልሽን ትሰጪኛለሽ?»

የሥራ ምስጢር መስሏት ቃሏን ሰጠች።

«የምስጋና ንግግር የሚያደርገውን የሥልጠና ኃላፊ ከፕሮግራሙ አውጪው። ክፍሉ ይታጠፋል፣ እሱና ባልደረቦቹም ይሰናበታሉ። የምናሳውቀው ከድግሱ በኋላ ነው፤ ደስታው እንዳይደፈርስ ብዬ ነው።»

ከቢሮው እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ከሰዓት በኋላ እሱ፣ እንደታዘዘችው አስተካክላ የላከችውን አዲሱን ፕሮግራም ይዞ መጣ።

«ስሜ የለም። ምነው?»

ዓይኗን ወደ ወንበሮቹ ዝርዝር መለሰች።

«አንቺን ነው የምጠይቀው።»

«ልነግርህ አልችልም።»

«አትችዪም ወይስ አትፈልጊም?»

«አልችልም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ካንቺ ጋር እንኳ ከምሰሶ ኋላ የምቀመጥ አልመሰለኝም ነበር» አለና ወጣ።

ንግግራቸውን የሰማችው እቴቴ የእህቷ ዓይን ላይ ሐዘኑን አየችው። ምን እንደሆነ ባታውቅም፣ «ድግሱ ይለፍና ይደረስበታል። ስንት ዘመን የጠበቅነው ሥራ ነው!» አለቻት።

«እቴቴ፣ ውሸት ላይ አበባ አልደረድርም።»

እቴቴ መቀሷን አስቀመጠች። «አበባ የምደረድረውስ እኔ ነኝ» አለች። «ግን ልብሽ ካላረፈ ሂጂ፤ የምትሄጂበት ሂጂ።»

ወዲያው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደች።

«ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ግን የተሳካ ዝግጅት እንድሠራልዎ ነው የቀጠሩኝ። በልቶ፣ ተጫውቶ ቤቱ የገባ ሰው በሳምንቱ ከተሰናበተ የሚያስታውሰው መታለሉን ነው። የቀረውም ነገ የኔ ተራ ነው እያለ ነው የሚሠራው። አሁኑኑ ይንገሯቸው፤ ንግግሩንም ይመልሱለት። ካልሆነ ሌላ አዘጋጅ ይፈልጉ።»

«ተናዶ መድረክ ላይ ቢያዋርደንስ?»

«አያዋርድም።»

«በምን አወቅሽ?»

«አውቀዋለኋ!»

ሽማግሌው በመስኮቱ ግቢ ውስጥ የቆሙትን አውቶቡሶች ጥቂት አዩና ስልኩን አነሱ። «የሥልጠና ኃላፊውንና ባልደረቦቹን ጥሩልኝ» አሉ።

በድግሱ ቀን አዳራሹ ሞላ። በትክክል እንዳቀደችው ሾፌሮቹ ከሾፌሮች ጋር ተቀመጡ። መጀመሪያ ተኳርፈው ነበር፤ ምግቡ ሲቀርብ ግን አንዱ ስለ ዳገት መንገድ ማውራት ጀመረ፣ ሌላው አልተስማማም፣ ክርክሩም ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተዛመተ። ጫጫታው ለጆሮዋ ዘፈን ነበር። የአንድ ሰው ወንበር ብቻ ባዶ ነው።

ንግግሩ ሊደርስ ሲል በሩ ተከፈተና ሰውየው ገባ። በአጠገቧ ሲያልፍ አየት አደረጋት። መድረክ ላይ ወጣ።

«ከሰኞ ጀምሮ እዚህ አልሠራም» ብሎ ጀመረ። ሾፌሮቹ ከሳህናቸው ቀና አሉ። «የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፣ ከኔ ከራሴ እንድትሰሙት ነው። ያሠለጠንኳችሁ ልጆች፣ አጠገባችሁ ላለው ሰው የምታውቁትን አሳዩት። እናንተም ትልቁ ድርጅት ነን ሳትሉ ልጆቼን ተቀበሉልኝ። ተሳፋሪው የሚጠይቃችሁ በሰላም ማድረሳችሁን እንጂ የማን እንደሆናችሁ አይደለም።»

መጀመሪያ ከወንበሯ የተነሳችው የትልቁ ድርጅት አንጋፋ ሾፌር ነበረች። ቆማ አጨበጨበች። ከዚያ ቁጭ ያለ አልቀረም። ሥራ አስኪያጁ ወደ መድረኩ ወጥተው ሁለት እጁን ያዙት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

እንግዶቹ ሲበተኑ ቆፍጣናዋ ጠረጴዛ ልብስ ታጥፍ ነበር። መጥቶ ሌላውን ጫፍ ያዘላት።

«ሥራ አስኪያጁ ነገሩኝ» አላት። «ሥራውን ልትተዪ ነበር አሉ።»

«ነበር።»

«እቴቴስ ምን ትልሽ ነበር?»

«እስካሁን ትሰድበኝ ነበር።»

ሳቁ። ጨርቁን አጥፈው ሲጨርሱ እጆቻቸው ተገናኙ፤ ማንም አላሸሸም።

«በዚያ ቀን ክፉ ተናገርኩሽ። ይቅር በዪኝ።»

«ይቅር ብያለሁ።»

«ልጠይቅሽ ያሰብኩት ነገርም ነበረኝ። ግን እንደምታዪኝ ሥራ የለኝም። ትንሽ ልቆይ ብዬ…»

«ምን እስክትሆን?»

«ሰው እስክሆን።»

«ታዲያ ቅድም መድረክ ላይ ያየሁት ማን ነበር?» ፊቷን ቀና አድርጋ አየችው። «ጠይቀኝ። መልሴን እኔ አውቀዋለሁ።»

«ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ። ድግሱን ግን እኔ ነኝ የማዘጋጀው።»

«በጭራሽ!» አለች እቴቴ ከአበባዎቹ ኋላ። ፊቷ በእንባ ርሷል፣ መቀሷንም አልለቀቀችም። «ሙሽራ ወንበር ስትቆጥር አላይም!»

ቆፍጣናዋ በሥራ ዘመኗ አዳራሽ ሳይጸዳ ወጥታ አታውቅም። ያን ቀን ግን ሠራተኞቿን የምታዝበትን የጆሮ ማዳመጫ አውልቃ ለእህቷ ሰጠችና እጁን ይዛ ወጣች። ውጭ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ መንገዱ ክፍት ነበር።

«ወዴት ነን?» አላት።

«ይህን እንኳ አላቀድኩትም» አለችና ሳቀች። እርምጃዋን ግን አላዘገየችም።